በአጋዥ መሣሪያ ላይ የተጫነውን ታክስ ፈልጎ የማስቀነስ መመሪያ

የመስሚያ መሣሪያዬ ባትሪ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ ነው። ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ተለጣፊ አለው። ተለጣፊውን ስትልጡት አየር ይገባና ባትሪው መሥራት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ተጠቀማችሁበትም አልተጠቀማችሁበትም እያለቀ ይሄዳል። አንድ ዓመት ሙሉ እነዚያን ተለጣፊዎች ሳልጥል ደብተር ላይ ለጠፍኳቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠርኳቸው፤ 74 ሆኑ። ለሁለት ጆሮ 74 ባትሪ። መሣሪያው ራሱ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው። ባትሪዎቹ ግን አንድም ሳይቀር ታክስ ተከፍሎባቸዋል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ከዚያ ደብተር ተነስቼ ነው። ብዙ አገር ውስጥ ለዊልቸር፣ ለክራንች፣ ለመስሚያ መሣሪያ የሆነ ዓይነት የታክስ ነፃነት አለ። ወረቀት ላይ አለ። ሰው እጅ ሳይደርስ የሚቀረው በትንንሽ ነገር ነው፦ ደረሰኙ ላይ ስሙ ተሳስቶ፣ ፈቃዱ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ተጠይቆ፣ ወይም ነፃነቱ መሣሪያውን ይዞ መለዋወጫውን ጥሎት። ለመራመድና ለመስማት ታክስ መክፈል ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ግን ያለውን መብት አሟጦ መጠቀም ይቻላል።

ከታች የምጠቅሳቸው ፐርሰንቶች ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው። እናንተ ባላችሁበት አገር ምጣኔ ተኳቸው።

ደረጃ 1፦ ወጪውን መዝግቡ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ወደ ማመልከቻ ይሮጣል። እባካችሁ አትዝለሉት። ያለ ቁጥር የሚቀርብ አቤቱታ እንደ ልመና ነው የሚታየው።

ደብተር አውጡና ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉት። ሁለት ወር መመዝገብ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ይሰለቻል።

የመጀመሪያው ዓምድ አካል ጉዳቱ ባይኖር ፈጽሞ የማይገዙ ነገሮች ናቸው። የመስሚያ ባትሪ፣ የክራንች የጎማ ጫፍ፣ የዊልቸር ጓንት፣ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ)፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ የብሬይል ወረቀት፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ። እነዚህን ማንም አይረሳቸውም።

ሁለተኛው ዓምድ የሚረሳው ነው። ማንም ሰው የሚገዛው፣ እኛ ላይ ሲሆን ግን የሚበዛው። አውቶቡሱ ደረጃ ስላለው ኮንትራት ታክሲ ትይዛላችሁ። ፎቅ መውጣት ስለማይቻል ምድር ላይ ያለ ቤት ትፈልጋላችሁ፣ ኪራዩም በዚያው ይወደዳል። ክራንች የሸሚዝ ብብት ይበላል። ሰው ሠራሽ እግር ጉልበቱ ላይ ሱሪ ይቀድዳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዊልቸር በየሌሊቱ ቻርጅ ይደረጋል። እዚህ ዓምድ ላይ መጻፍ ያለባችሁ ጠቅላላ ወጪውን ሳይሆን ልዩነቱን ብቻ ነው። በአውቶቡስ ቢሆን ስንት ነበር? በታክሲ ስንት ሆነ? ልዩነቱን ጻፉ።

ሦስተኛው ዓምድ ደረሰኝ የሌለው ነው። ሰዓትና ገቢ። እናት ልጇን ለፊዚዮቴራፒ ለመውሰድ ከሥራ የቀረችበት ቀን፣ ዊልቸሩ ተሰብሮ ቤት የተዋለበት ሳምንት። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህን ነገር ሁለት አድርገው ያዩታል፦ አካል ጉዳተኛ ሰው ገቢ ለማግኘት ይከብደዋል፤ ካገኘም በኋላ በዚያው ገንዘብ ሌላው ሰው የሚደርስበት ኑሮ ላይ ለመድረስ ተጨማሪ ማውጣት አለበት። እኩል ደመወዝ ያላቸው ሁለት ሰዎች እኩል ኑሮ የላቸውም ማለት ነው። ታክሱ ደግሞ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው።

ትልልቅ ዕቃዎችን ወደ ወር ቀይሯቸው። ዋጋውን ለሚያገለግልበት ወር ማካፈል ነው። 6,000 የወጣበት ዕቃ አምስት ዓመት ካገለገለ በወር 100 ይመጣል። የጥገናውንም ጨምሩ። ልጅ ከሆነ ተጠንቀቁ። ሰው ሠራሽ እግር ወይም የእግር ድጋፍ የሚያደርግ ልጅ ያድጋል፣ መሣሪያው ግን አያድግም። ለአዋቂ ለዓመታት የሚበቃው ለልጅ አንድ ዓመት እንኳ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ለልጅ ወርሃዊ ወጪው እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ታክሱ የት እንደተደበቀ ፈልጉ

ደረሰኝ ላይ «ታክስ 0» ተብሎ ስታዩ ታክስ የለም ብላችሁ አትደምድሙ።

ከውጭ የገባ ዕቃ እንውሰድ። ዋጋው፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ 100 ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ 10 ፐርሰንት ቢሆን 110 ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ (ቫት) የሚሰላው በ100 ላይ ሳይሆን በ110 ላይ ነው። 15 ፐርሰንት ቢሆን 16.50 ነው። ገና ከጉምሩክ ሳይወጣ 126.50 ገባ። ታክስ በታክስ ላይ ተሰላ። ነጋዴውም ትርፉን በፐርሰንት ስለሚያስብ ቀረጡ ላይ ጭምር ያተርፋል። አገሩ ላይ ኤክሳይዝ (በተወሰኑ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) ወይም ሌላ የማስገቢያ ክፍያ ካለ ደግሞ እሱም መሃል ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ከቫት ነፃ» እና «ዜሮ ምጣኔ» አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜ አቤቱታ አቅራቢዎች ራሳቸው ያምታቷቸዋል።

ዕቃው በዜሮ ምጣኔ ከተሸጠ ሻጩ ከእናንተ ታክስ አይቀበልም። ዕቃውን ለመሥራት ወይም ለማስመጣት የከፈለውን ታክስ ደግሞ ከመንግሥት ተመላሽ ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋው ውስጥ የተደበቀ ቫት አይኖርም። ዕቃው «ነፃ» ብቻ ከሆነ ግን ሻጩ ከእናንተ አይቀበልም፣ የከፈለውንም ማስመለስ አይችልም። ብረቱን፣ ጎማውን፣ የወርክሾፑን ኪራይ ሲከፍል የወጣው ታክስ እሱ ላይ ይቀራል። እሱ ደግሞ ዋጋ ላይ ያስቀምጠዋል። በተለይ የሚጎዳው አገር ውስጥ ዊልቸርና ክራንች የሚሠራው ባለሙያ ነው።

ይህ ተራ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። ህንድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2017 አዲሱን የዕቃና አገልግሎት ታክስ ስትጀምር ዊልቸርና የብሬይል ወረቀትን ጨምሮ ብዙ አጋዥ መሣሪያዎች ላይ 5 ፐርሰንት ጣለች። አካል ጉዳተኞች መንገድ ወጥተው ተቃወሙ። መንግሥት የሰጠው መልስ ሙሉ በሙሉ ነፃ ብናደርጋቸው የአገር ውስጥ አምራቾች የከፈሉትን ታክስ ማስመለስ አይችሉም የሚል ነበር። መከራከሪያው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ችግሩ አለ። መፍትሔው ግን ተጠቃሚውን ማስከፈል አይደለም። ዜሮ ምጣኔ የሚባለው ነገር ለዚህ ነው ያለው። እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጣችሁ ይህን ልዩነት አንስታችሁ መከራከር ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ የዕቃውን ትክክለኛ ስምና ቁጥር ያዙ

ከሁሉም ደረጃ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ጉምሩክ ዕቃን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያወጣው የታሪፍ ቁጥር፣ ኤች ኤስ ኮድ የሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሚጠቀሙበት አገር ሁሉ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አገሩ ይጨምራል።

ዊልቸር 8713 ሥር ነው። በእጅ የሚገፋው 8713.10፣ ሞተር ያለው 8713.90። የዊልቸር መለዋወጫ 8714.20። ክራንች፣ የእግርና የጀርባ ድጋፍ 9021.10። የመስሚያ መሣሪያ 9021.40። ሰው ሠራሽ እግርና እጅም እዚያው 9021 ውስጥ ነው።

አሁን የሚያናድደውን እዩ። የ9021.40 አጻጻፍ ራሱ «መለዋወጫና ተጨማሪ ዕቃ ሳይጨምር» ይላል። የእኔ ባትሪዎች ቻርጅ ከማይደረግ ከማንኛውም ባትሪ ጋር 8506 ውስጥ ናቸው። ነጭ በትር ብዙ ጊዜ ከሽማግሌ ከዘራና ከፈረስ አለንጋ ጋር 6602 ውስጥ ይመደባል። የአዋቂ ዳይፐር ከሕፃናት ዳይፐር ጋር 9619 ነው። ስለዚህ ሕጉ «8713 እና 9021 ነፃ ናቸው» ብሎ ካቆመ፣ ዓይነ ስውሩና በየቀኑ ዳይፐር የሚያስፈልገው ሰው ውጭ ቀሩ ማለት ነው።

እህቴ ዊልቸር ነው የምትጠቀመው። የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች አክስል ላይ ፀጉርና ክር ይጠመጠማል፤ አቧራ ይገባል፤ ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል። በመቀስ ጫፍ እየጎተተች ታወጣዋለች። አንድ ቀን ግን ጎማውን የሚይዘው ሹካ ራሱ ተሰነጠቀ። ውጭ ያለ ዘመድ መለዋወጫውን ላከ። ላኪው ወረቀቱ ላይ የጻፈው «የወንበር ጎማ» ብሎ ነው። ወንበር ደግሞ የቤት ዕቃ ነው፤ ምዕራፍ 94። ሙሉ ቀረጥ ተጠየቀበት። «ለአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ የሚሆን መለዋወጫ፣ 8714.20» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። እስኪታረም ድረስ 19 ቀን አልጋ ላይ ዋለች።

ስለዚህ ዕቃው ከመላኩ በፊት ለሻጩ ወይም ለላኪው ይህን ጻፉለት፦ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ለማን ተብሎ እንደተሠራ፣ ሞዴሉ፣ ኮዱ። መለዋወጫው ለየትኛው ዊልቸር እንደሆነም ይጠቀስ። «ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የተሠራ» የሚለው ሐረግ ኢንቮይሱ ላይ እንዳይቀር።

ደረጃ 4፦ ነፃነቱ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጉ

ሦስት ቦታ ነው የምትፈልጉት። የጉምሩክ ታሪፉ ላይ የተያያዘው የነፃ መብት ዝርዝር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕጉና ደንቡ፣ የገቢ ግብር ሕጉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ የለም።

የገቢ ግብሩ ላይ ያለው ቅናሽ ጥሩ ነው፣ ግን ወደ ማን እንደሚሄድ አስተውሉ። በካናዳ ያለው የአካል ጉዳት የታክስ ቅናሽ ተመላሽ የማይሆን ነው፤ የሚከፈል ግብር ከሌለ የሚቀነስበት ነገር የለም። ሥራ ያጣ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ቅናሽ በቀጥታ አይጠቀምም። ዕቃው ላይ ያለው ታክስ ሲነሳ ግን ሁሉም ይጠቀማል።

አገራችሁ የፈረመችውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም አገላብጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20 መንግሥታት የመንቀሳቀሻ መሣሪያዎች በአቅም በሚገዛ ዋጋ እንዲገኙ እንዲያደርጉ ያዛል። አንቀጽ 28 ደግሞ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዳቱ ጋር ለሚመጣ ወጪ እርዳታ ማግኘት እንዳለባቸው ይናገራል። ከዚያ በፊት የመጣው የዩኔስኮ የፍሎረንስ ስምምነት አለ፤ እ.ኤ.አ. የ1950። ለዓይነ ስውራን የሚሆኑ ዕቃዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ይላል። የ1976ቱ የናይሮቢ ፕሮቶኮል ለሌሎች አካል ጉዳተኞች አሰፋው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የፍሎረንስ ስምምነት የሚያነሳው የማስገቢያ ቀረጥን ነው። አንድ አገር በራሱ ምርት ላይ የሚጥለውን የውስጥ ታክስ፣ ማለትም ቫትን፣ አይከለክልም። «ስምምነቱን ፈርማችኋልና ቫት አታስከፍሉኝ» ብላችሁ ብትሄዱ ትሸነፋላችሁ። ለቀረጡ ስምምነቱን፣ ለቫቱ የአገር ውስጥ ሕጉን ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ፈቃዱን ዕቃው መንገድ ሳይጀምር ጨርሱ

ነፃ የተባለ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ኪራይ ይቆጥራል። የመጋዘን ኪራይ ታክስ ስላልሆነ ከታክስ ነፃ መብታችሁ አያድናችሁም። ከዳነው ቀረጥ የበለጠ ለመጋዘን የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ቅድመ ኢንቮይስ (ፕሮፎርማ)፣ የሐኪም ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የዕቃው መግለጫ ከፎቶ ጋር አዘጋጁ። እንደየአገሩ ከአካል ጉዳተኞች ማኅበር ወይም ከማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ደብዳቤ ይጠየቃል።

የሐኪሙን ማስረጃ አስቀድማችሁ አንብቡት። የበሽታ ስም ብቻ ከሆነ መልሱት። ጉምሩክ ያለው ሠራተኛ ሐኪም አይደለም። «ከ10 ሜትር በላይ መራመድ ስለማትችል በቋሚነት ዊልቸርና መለዋወጫዎቹ ያስፈልጓታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ የላቲን ስም ይሻላል። «መለዋወጫዎቹ» የምትለውን ቃል አስገቡ። «በቋሚነት» የምትለዋም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማስረጃ ከመለመን ታድናለች።

ወረቀቱ ሁሉ ላይ ስሙ የተጠቃሚው ይሁን። በአጎት ስም የመጣ ዊልቸር የአጎት ዊልቸር ነው። ልጅ ከሆነ የልጁ ስምና የወላጁ ስም አብረው ይጻፉ።

ስጦታ ከሆነም ዋጋ አለው። «በነፃ የተሰጠ ነውና ዋጋው ዜሮ ነው» ብሎ መጻፍ ችግር ያመጣል፤ ጉምሩክ የራሱን ዋጋ ይገምትለታል። ያገለገለ ከሆነ ያገለገለ መሆኑንና የተገመተውን ዋጋ በእውነት ጻፉ።

አንዳንድ አገር ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ የለም። በብሪታንያ ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የተሠራ ብዙ ዓይነት ዕቃ ሲገዛ ገዢው የራሱን ሁኔታ የሚገልጽ ቅጽ ፈርሞ ለሻጩ ይሰጣል፤ ቫቱ እዚያው ዜሮ ይሆናል። የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም። ጥገናውና መለዋወጫውም አብረው ይገባሉ። ይህን የማነሳው ለማስቀናት አይደለም፤ «እንዲህ ያለ አሠራር የትም የለም» ሲሏችሁ የምትጠቅሱት ምሳሌ እንዲኖራችሁ ነው።

ደረጃ 6፦ ሲከለክሏችሁ

በቃል የተባለ «አይቻልም» ይግባኝ የለውም። በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። የተከለከለበት አንቀጽ ይጠቀስ። ቀኑን መዝግቡ፣ የይግባኝ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። መሣሪያው በአስቸኳይ የሚያስፈልግ ከሆነ በማስያዣ ወይም ተቃውሞን አስመዝግቦ በመክፈል ዕቃውን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ክርክሩ ይቀጥላል፣ ሰውየው ግን አልጋ ላይ አይቆይም። ዲክላራሲዮኑን (ለጉምሩክ የቀረበውን የዕቃ መግለጫ) እና የክፍያ ደረሰኙን አትጣሉ፤ ያለ እነሱ ተመላሽ የለም።

ደረጃ 7፦ የሕግ ለውጥ ጥያቄ ጻፉ

እስከ አሁን ያለው ለራስ ነው። ደብተሩ ግን ከዚያ በላይ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት መነጽርን ጨምሮ ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ናቸው። በአንዳንድ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ካስፈለጋቸው ውስጥ የሚያገኙት 3 ፐርሰንት ያህል ብቻ ናቸው።

ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። አምስት ወይም ስድስት ቤተሰብ ሆናችሁ የሁለት ወር መዝገባችሁን አንድ ሰንጠረዥ ላይ አድርጉት። ከወጪው ውስጥ ታክስ የሆነውን ለይታችሁ አሳዩ። ከዚያ ጥያቄውን በግልጽ አስቀምጡ።

«ከታክስ ነፃ ይደረግልን» ብቻ አትበሉ፤ ዜሮ ምጣኔ ጠይቁ። መለዋወጫ፣ ባትሪ፣ ጥገናና አላቂ ዕቃ በስማቸው ይግቡ። ዝርዝር ካስፈለገ ከባዶ አትጀምሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው 50 ቅድሚያ የሚሰጣቸው አጋዥ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ፣ ነጭ በትርም ዳይፐርም እዚያ ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ በየተወሰነ ዓመት እንዲታይም ጠይቁ። በዛሬ ጊዜ ብዙ ዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነቡት በስልካቸው ነው። ተራ ስልክ ደግሞ የሁሉም ሰው ዕቃ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የነፃ መብት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ለዚህ ዓይነቱ ዕቃው ላይ ነፃነት ከመጠየቅ ለተጠቃሚው የወጪ መሸፈኛ ቢጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለቁጥጥርም ይቀላል።

«ነጋዴ ይጠቀምበታል» የሚል ሥጋት መነሳቱ አይቀርም። መልሱን ደብዳቤው ውስጥ አስቀድማችሁ አስገቡት። ጤነኛ ሰው ለቅንጦት የክራንች ጫፍ አይገዛም። ለሌላ ጥቅም ሊውሉ የሚችሉት እንደ መኪና ያሉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ለእነሱ የተለየ ቁጥጥር ይበጅላቸው፣ ዊልቸሩና ባትሪው በነሱ ምክንያት አይያዝ።

ደብዳቤውን ለገንዘብ ሚኒስቴሩ ብቻ አታስገቡ። ለምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴና ለማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ግልባጭ ይሂድ፤ ጊዜውም በጀት ከመጽደቁ ጥቂት ወራት በፊት ይሁን። የራሳችሁ ኮፒ ላይ ማህተምና የገቢ ደብዳቤ ቁጥር አስደርጉ። ቁጥሩን ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት፤ ከወር በኋላ ስትመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።